የፍቺውን ሳይሆን የቀለቡን መዝገብ ጠይቂ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ግን አዲስ አበባ ነው። እናትና አባቴ በ1991 ዓ.ም. ሲፋቱ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ቀለብ ለማስቆረጥ ወረዳ ፍርድ ቤት ስትመላለስ አዝላኝ እንደምትሄድ ትዝ ይለኛል። አባቴ ሌላ አግብቶ ሦስት ወንዶች ወለደ። ካረፈ ባለፈው የካቲት ሁለት ዓመት ሞላው። አምና ለሙት ዓመቱ ስሄድ ወንድሞቼ ‹ከእኛ ከሦስታችን በቀር ልጅ የለውም› ብለው አስመስክረው የወራሽነት ማስረጃ ማውጣታቸውን ሰማሁ። እናቴ እንደምትለው አባቴ ዳኛ ፊት ቆሞ ‹ልጄ ናት› ብሎ አምኗል። እጇ ላይ የነበረው ወረቀት ግን ጣራው ሲያፈስ በስብሶ ጠፋ። ወረዳው ፍርድ ቤት ሄጄ ‹የወላጆቼን የፍቺ መዝገብ ፈልጉልኝ› ብል መጀመሪያ ‹የመዝገብ ቁጥር አምጪ› አሉኝ። ሁለተኛ ስሄድ የክሶቹ ዝርዝር የሚጻፍበትን ትልቅ ደብተር፣ ባሕር መዝገቡን፣ አገላብጠው ‹በዚህ ስም ፍቺ የለም፤ ቢኖርም አንቺ ተከራካሪ አይደለሽም› ብለው መለሱኝ። እናቴን ማስቸገር አልፈልግም፤ የዚያ ዘመን ነገር ሲነሳ ታለቅሳለች። ያለ እሷ መዝገቡን ማግኘት እችላለሁ? ት. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

እህቴ ት.፣ አባትሽን ነፍስ ይማር።

ያለ እናትሽ ይቻላል፤ ግን መንገዱ ይረዝማል። አጭሩ መንገድ በእናትሽ ደጅ ነው የሚያልፈው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላርም፤ መዝገብ ቤቱ «ፍቺ የለም» ያለሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የጠየቅሽው የሌለ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ወላጆችሽ በተፋቱበት በ1991 መንዝ ውስጥ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ፤ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79ን ያወጣው ደግሞ በ1995 ነው። በአሮጌው ሕግ ፍቺ የሚወሰነው በቤተ ዘመድ ዳኞች ነበር። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ወይም ከአንዳቸው ቤት ተቀምጠው ባልና ሚስቱን ሰምተው ይወስናሉ፤ ውሳኔውን አንዱ ፊደል የቆጠረ ይጽፈዋል፣ ሌሎቹ በአውራ ጣታቸው ያትማሉ። ፍርድ ቤት የሚደርሰው ከሁለቱ አንዱ ቅር ሲለው ነው። ዛሬ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ ወጣቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በ1991ም እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። «ፍቺ» የሚለውን ዓምድ በጣቱ እየወረደ ያየዋል፣ የእናትሽን ስም ያጣዋል፣ መጽሐፉን ይከድነዋል።

አዝላሽ ትመላለስ የነበረው ግን ለፍቺ ሳይሆን ለቀለብ ነው። ራስሽ ጽፈሽዋል። ስለዚህ የምትጠይቂው «የቀለብ ክስ» ነው። እሱ ከታጣ «አፈጻጸም» የሚለውን፣ ማለትም ውሳኔውን በግድ ለማስፈጸም የሚከፈተውን መዝገብ ጠይቂ። ቀለብ ተወስኖበት ያለ ጭቅጭቅ የከፈለ አባት ብዙ አላየሁም፤ የማይከፍል ከሆነ ደግሞ ሚስቲቱ አፈጻጸም ትከፍታለች። የአፈጻጸም መዝገብ የራሱ ቁጥር አለው፣ በውስጡም የዋናው ውሳኔ ግልባጭ ተያይዞ ይገኛል። ዋናው መዝገብ ጠፍቶ ከአፈጻጸሙ ፋይል ሆድ ውሳኔው ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን የምልሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በጎልማሳነቴ ለዓመታት በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ መደርደሪያው ሲሞላ መሬት ላይ ደረደርን፣ መሬቱ ሲሞላ በሲባጎ እያሰርን ቁም ሳጥን ላይ ጫንን። አይጥ የሚወደው የፋይሉን ጠርዝ ነው፤ ቁጥሩ የሚጻፈውም እዚያው ጠርዝ ላይ። ሰው ሲመጣ ቁጥር የምንጠይቀው ለማባረር አልነበረም (አልፎ አልፎ ለማባረርም ነበር፣ አልዋሽሽም)። ባሕር መዝገቡ በፊደል ተራ ሳይሆን በገባበት ቀን ተራ ነው የሚጻፈው። ዓመቱንና ወሩን ያላወቀ ሰው ስም ብቻ ይዞ ሲመጣ አንድ ዓመት ሙሉ መስመር በመስመር መነበብ አለበት።

ስለዚህ ከቁጥር በፊት ወሩን ፈልጊ። የገጠር ሰው ወሩን በቀን መቁጠሪያ አይደለም የሚይዘው። እናትሽን «መቼ ነበር?» ካልሻት «ኧረ ምኑን አውቄው» ትልሻለች። እንዲህ ጠይቂያት፦ መሬት ከተደለደለ በኋላ ነው? ድልድሉ በ1989 ነው። ባድመ ተመለሰች ተብሎ በሬዲዮ ከመነገሩ በፊት ነው በኋላ? እሱ የካቲት 1991 ነው። ገብሱ አውድማ ላይ ነበር ወይስ ገና እሸት? በሦስት ጥያቄ ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት ወር ትወርጃለሽ፤ ሁለት ወር ደግሞ አንድ ትዕግሥት ያለው ሠራተኛ ሻይ ሳይጠጣ የሚጨርሰው ነው።

ስሙም ወጥመድ አለው። «ኃይሌ» በ«ሀ» ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ «ሥላሴ» በ«ሰ»፣ «ፀሐይ» በ«ጸ»። የባሰው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። አንዲት እናት «የለም» ብዬ ሁለት ጊዜ መልሻለሁ፤ በዓለም ስማቸው ነበር የፈለግሁላቸው። ሦስተኛ ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ቄስ «ወለተ ማርያም ብለህ እይ እስቲ» አለኝ። መዝገቡ እዚያው ገጽ ላይ ነበር፣ ሁለቴ ያለፍኩት። በእግራቸው ነበር የሚመጡት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺም የእናትሽን ሁለቱንም ስም፣ የአባትሽን ስም እስከ አያት፣ ሰው የሚጠራቸውን የቤት ስም ጭምር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ።

ሌላው የቦታው ጉዳይ ነው። የትኛው የመንዝ ወረዳ እንደሆንሽ አልጻፍሽልኝም። ዛሬ መንዝ ላሎና መንዝ ማማ የተባሉት ቀድሞ ላሎ ማማ ምድር የሚባል አንድ ወረዳ ነበሩ። መንዝ ጌራና መንዝ ቀያም እንዲሁ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል ተብለው አንድ ነበሩ። ወረዳ ሲከፈል አዲሱ ፍርድ ቤት በአዲስ ባሕር መዝገብ ሀ ብሎ ይጀምራል፤ አሮጌው መዝገብ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቀራል። ላሎ ላይ የታጣው የማማ ከተማ ሞላሌ ላይ ሊገኝ ይችላል፣ ቀያ ላይ የታጣው የጌራ ከተማ መሐል ሜዳ ላይ። ወላጆችሽ ከሁለቱ አንዳቸው ይግባኝ ብለው ከነበረ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠይቂ። ይግባኝ ሰሚው የሥር መዝገቡን «ይቅረብልኝ» ብሎ ያስመጣል፤ የሄደ መዝገብ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። እግረ መንገዴን፣ ከአንቺ በፊት የነበረ የአያት የቅድመ አያት ጉዳይ የምትፈልጉ አንባቢዎች «ወረዳ» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ በዚያ ዘመን አውራጃ ፍርድ ቤት የሚባል ነበር።

አሁን ወደ እናትሽ።

«ተከራካሪ አይደለሽም» ያለሽ ሰው ጨርሶ አልተሳሳተም። የውሳኔ ግልባጭ ለተከራካሪው በማመልከቻና በራሱ ወጪ ይሰጠዋል፤ ይህ መብቱ ነው፣ ልመና አይደለም። ለሌላ ሰው ግን፣ በተለይ የባልና ሚስት ገመና ያለበት መዝገብ ከሆነ፣ ሠራተኛው በራሱ ሥልጣን አውጥቶ መስጠት የለበትም። ዳኛው ሲፈቅድ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ከሳሽዋ ግን እናትሽ ናቸው። እሳቸው በስማቸው አመልክተው ጣታቸውን ካሳረፉ ማንም «አንቺ ማነሽ?» አይላቸውም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ሳነበው እናትሽ «አልሄድም» ማለታቸውን አላገኘሁም። አንቺ ነሽ «ማስቸገር አልፈልግም» ያልሽው። አራት ዓመት ልጅ አዝለው ዳገት ወጥተው ዳኛ ፊት የቆሙ ሴት ናቸው። ሲያስታውሱት ማልቀሳቸው እምቢ ማለታቸው አይደለም። ለምን ጉዳይ እንደሆነ ንገሪያቸውና ራሳቸው ይመልሱ። መሄድ ካልቻሉ ውክልና ይስጡሽ፤ እናት ለልጇ ውክልና መስጠቷ የተለመደ ነው፣ በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ያልቃል።

ማመልከቻው ረጅም አይሁን። ፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ሁለት ገጽ ሊያደርግልሽ ይችላል፤ አትፍቀጂለት። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ለ… ወረዳ ፍርድ ቤት። አመልካች፦ እገሊት፣ አድራሻ እዚህ ቀበሌ። ጉዳዩ፦ የውሳኔ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። በ1991 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ እኔ ከሳሽ፣ ሟች አቶ እገሌ ተከሳሽ ሆነን ለልጃችን ለእገሊት ቀለብ እንዲቆረጥ የተከራከርንበት መዝገብ ውሳኔ ተሰጥቶበታል። በእጄ የነበረው ግልባጭ ስለጠፋብኝ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የውሳኔው፣ የተከሳሽ መልስና የክርክሩ ትክክለኛ ግልባጭ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። የቀረበው ማመልከቻ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።»

«የክርክሩ» የምትለዋን ቃል እንዳትረሺ። አባትሽ «ልጄ ናት» ያሉት በውሳኔው ላይ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ራሱ ያለው ግን ችሎት ላይ በተጻፈው ነው።

እዚህ ላይ የማስጠነቅቅሽ አለኝ። አንድ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዳንቺ የወላጆቹን መዝገብ ፈልጎ መጣ። አወጣሁለት። እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የአባቱ መልስ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ከሳሽ ወለድኩ የምትለው ልጅ የእኔ አይደለም» ይላል። ፋይሉን ከድኖ መለሰልኝ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፣ ግልባጩንም አልወሰደም። ሁለት ገጽ ቢገልጥ ኖሮ በቀጣዩ ቀጠሮ አባቱ «ነገሩ በንዴት ነው፣ ልጄ ነው» ብለው ቃላቸውን ማስመዝገባቸውን ያገኝ ነበር። ባየው ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ እኔም ሮጬ አልጠራሁት። በዚያ ዘመን ቀለብ ላለመክፈል መጀመሪያ መካድ የተለመደ የራፖር ጸሐፊ፣ የማመልከቻ ጸሐፊው፣ ምክር ነበር። አባትሽም እንዲህ ብለው ብታገኚ ከኋላ ጀምሪ፤ ውሳኔውን፣ ቀጥሎ የችሎቱን ቃል፣ መልሱን መጨረሻ። ለእናትሽ ደግሞ እንደመጣ አታንብቢላቸው።

እናትሽ ቢታመሙ ወይም እምቢ ቢሉስ? ያኔ በረጅሙ መንገድ እንሄዳለን፤ እሱም ቢሆን የትም አያደርስም የሚባል አይደለም፣ ለጉዳይሽ እንዲያውም አይቀርልሽም። ወንድሞችሽ የወሰዱት የወራሽነት ማስረጃ ፍጹም አይደለም። ሳትጠሪ መብትሽን የነካ ውሳኔ ስለተሰጠ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ማቅረብ ትችያለሽ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 998 መሠረትም ማስረጃው እንዲሰረዝ መጠየቅ አለ። መቃወሚያው ውስጥ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 አንድ ጥያቄ ታክያለሽ፦ በ1991 የተከፈተው የቀለብ መዝገብ ለዚህ ክርክር አስፈላጊ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያስቀርብልኝ። በቃለ መሐላ ሁለት ነገር ማስረዳት አለብሽ፤ መዝገቡ ለጉዳይሽ ምን እንደሚጠቅም፣ ግልባጩንም ራስሽ ማግኘት እንዳልቻልሽ። ያን ጊዜ ሁለቴ ተመላልሰሽ መመለስሽ ይጠቅምሻል። የሄድሽበትን ቀን ጻፊ፤ ሦስተኛ ከሄድሽ «የለም» የሚለውን መልስ በጽሑፍ ጠይቂ። ዳኛው «ይቅረብ» ብሎ ሲያዝዝ መዝገብ ቤቱ «ቁጥር አምጪ» አይለውም። የሚያስቀውና የሚያናድደው ደግሞ የወንድሞችሽ መዝገብና የአንቺ የቀለብ መዝገብ የተከፈቱት በአንድ ፍርድ ቤት ከሆነ ሁለቱም አንድ ጣራ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ።

የወንድሞችሽ መዝገብ ቁጥር ካልታወቀሽ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። የይዞታ ደብተሩን በስማቸው ለማዞር የወራሽነት ማስረጃውን እዚያ ሳያስገቡ አይቀሩም፣ በላዩ ላይም ቁጥሩ አለ። የገጠር መሬት ውርስ በክልሉ የመሬት አዋጅ የሚመራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ስለ ድርሻሽ እዚህ አልገባበትም፤ ለእሱ ጠበቃ ያዢ።

የማልወደውን ግን ልናገር፤ ጊዜሽ እየሄደ ነው። የውርስ ይገባኛል ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀበት በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አንቺ ያወቅሽው አምና ነው ብለሽ ትቆጥሪ ይሆናል። የወንድሞችሽ ጠበቃ ግን አባትሽ ካረፉበት ቀን ነው የሚቆጥረው፤ በእሱ አቆጣጠር የቀረሽ ከአንድ ዓመት በታች ነው። በእሱ ቁጠሪ። መቃወሚያውም ውሳኔው ሳይፈጸም ነውና ንብረቱ እስኪከፋፈል አትጠብቂ። በክረምት ፍርድ ቤት ሲዘጋ ተረኛ ችሎት እንዲህ ያለውን ጉዳይ አያይልሽም፤ ከዚያ በፊት ግቢ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም እየጠየቅሽ።

መዝገቡ ጨርሶ ባይገኝስ? በ2014 ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲወርድ በየወረዳው ስንቱ ቢሮ ወረቀቱ እንደተበተነ ታውቂያለሽ። እሱም ቢሆን ልጅነትሽን አያጠፋውም። እናትሽ በሕግ ወይም በባህል ተጋብተው በትዳር ሳሉ ከወለዱሽ ሕጉ አባትሽን ባልየው ናቸው ብሎ ነው የሚነሳው፤ «አይደሉም» የሚል ነው የሚደክመው። የአንቺ ሥራ ጋብቻውን ማስረዳት ነው። ለዚያ በሠርጉ የነበሩ፣ ያፋቷቸው ሽማግሌዎች፣ አብረው በደቦ ያጨዱ ጎረቤቶች አሉ። ክርስትና የተነሳሽበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ካለው እይው። አንደኛ ክፍል ስትገቢ የመዘገበሽን ትምህርት ቤት ጠይቂ፤ አባትሽ ራሳቸው ወስደው አስመዝግበውሽ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። ካፋቷቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ያለ ካለ ግን ከመዝገብ ቤቱ በፊት እሱ ጋ ሂጂ። መዝገብ ይጠብቃል፣ ሰማንያ የሞላው ሰው አይጠብቅም። አንዳንዱ ሽማግሌ ደግሞ የፍቺውን ወረቀት እስከ ዛሬ ከዳዊቱ ጋር አጣጥፎ ያስቀመጠ አለ።

ግልባጩ ሲሰጥሽ የከፈልሽበትን ደረሰኝ ተቀበዪ፣ «ለሻይ» የሚል ካለ ደረሰኙን አሳዪው። ከመስኮቱ ሳትርቂ ክብ ማኅተሙ በየገጹ መኖሩን፣ መጨረሻው ገጽ ላይ የሬጅስትራሩ ፊርማና ቲተር መኖሩን እዪ። አንዱ ገጽ ማኅተም ከጎደለው የወንድሞችሽ ጠበቃ ያቺን ገጽ ነው የሚይዛት፤ አንቺም ለአንዲት ማኅተም እንደገና መንዝ ድረስ።